ቀላዋጭ ዳመና

ውድ ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «ለተከበሩ የማኅበረሰብ አገናኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው። የሌላ ሰው መስሎኝ ለትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ልመልስላት ስል ከታች ፊርማህን አየሁ። እናታችን ከሞተች በኋላ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ፣ ፊደል በዱቄት ጆንያ ላይ በጣቴ እየጻፍኩ ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ እንግዲህ የማኅበረሰብ አገናኟ። «እቴቴ» ማለት ቢያሳፍርህ እንኳ ስሜን ታውቀው ነበር።

ይሁን። የምታውቀውን ሰው መለመን ስለከበደህ እንደማታውቀው ሰው ጽፈህልኝ ይሆናል። የፈለግኸው ግን ገብቶኛል። የዘር ወቅት ሳይደርስ የዝናብ ትንበያ ሥራችሁን በሌሎች መንደሮች ልትጀምሩ ነው፤ ስለዚህ አባባ የጉንዳኑንና የድንቢጧን ተረት እንደገና እንዲያወራላችሁ፣ እናንተም እንድትቀዱት፣ እኔም እሺ እንዳሰኘው ነው። «ያለፈውን ሕዝቡ ረስቶታል» ብለሃል። ማን እንደነገረህ አልጻፍክም። እኔ ከዚህ ሕዝብ ጋር በየቀኑ ሰላምታ እለዋወጣለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም።

መልሴን እስከ መጨረሻው አንብበው። ከመጨረሻው በፊት እንቅልፍ እንዳይወስድህ አደራ፤ ልማድህ ነው።

አባባ ተረት የሚያወራው ሰው እንዳይጣላ ብሎ እንደነበር ታስታውሳለህ? ወፍጮው አንድ ነው፣ ጆንያው ብዙ ነው፣ የሞተሩ ቀበቶ ደግሞ በየመሃሉ እየወለቀ ያስቸግራል። ቀበቶው በወለቀ ቁጥር ግቢው ውስጥ «የእኔ ነው ቀድሞ የመጣው»፣ «አንቺ ጆንያሽን ጥለሽ ገበያ ሄደሽ አልነበር?» ይጀመራል። ያን ጊዜ አባባ ከሽፋሽፍቱ ላይ ዱቄቱን በእጁ ጀርባ ይጠርግና ደጃፉ ላይ ቆሞ «ተረት ተረት» ይላል። «የላም በረት» ብለው ሲመልሱለት ጠቡ አለቀ ማለት ነው። ሴቶቹ ግድግዳውን ይዞ በተሠራው አግዳሚ ላይ፣ ወንዶቹ ጆንያቸው ላይ፣ ባለቀፎው ደግሞ በሩ አጠገብ ባለችው ግንድ ላይ። ግንዷ የእሱ ናት፤ ሌላ ሰው ተቀምጦባት ካገኘው ቆሞ ያፈጥበታል እንጂ ሌላ ቦታ አይፈልግም።

ባለቀፎው የአባባ የልጅነት ጓደኛ ብቻ አልነበረም፤ የጨዋታው ግማሽ እሱ ነበር። ዝሆን ጦጣን ምክር ሲጠይቃት፣ ጅብ ሽማግሌ ልኮ አህያን ለጋብቻ ሲጠይቅ፣ ነገሩ ከሁሉም የማይታመነው ቦታ ላይ ሲደርስ ባለቀፎው ሳቁን ውጦ፣ «እንዲያው ግን ይህ ነገር እውነት ነው?» ይላል። አባባ ፊቱን ኮስተር ያደርግና፣ «እኔ አልነበርኩም። የነበሩት ናቸው የነገሩኝ» ይላል። ያንኑ ጥያቄና ያንኑ መልስ ስንት ዓመት ሰምተነው ስንት ዓመት ሳቅንበት። አባባ ለአገሩ ሁሉ ጅብ ሲድር ኖሮ አንድ ሰው እንኳ ውሸታም ብሎት አያውቅም። እንዴት ይበሉት? አልነበርኩም እያለ።

አንተ ትኩስ ዱቄት ያለበት ጆንያ ላይ ትወጣና ሙቀቱ እንቅልፍ ይጥልሃል። ተረቱ ሲያልቅ ነው የምትነቃው። «እቴቴ፣ ከዚያስ?» እያልክ ትነዘንዘኛለህ፤ አዝዬህ ወደ ቤት ስወጣ መጨረሻውን እነግርሃለሁ፤ ግማሽ ሳልደርስ አፍህ ከትከሻዬ ላይ ተከፍቶ ታንኮራፋለህ። የአባታችንን የአንዱንም ተረት መጨረሻ ሰምተህ የምታውቅ አይመስለኝም። ይህን የምልህ ለቀልድ አይደለም።

የጉንዳኑንና የድንቢጧን ግን ሰምተሃታል። አድገህ፣ ተምረህ፣ ማስታወሻ ይዘህ ነው የሰማሃት። ጉንዳንና ድንቢጥ ጎረቤት ነበሩ። ድንቢጧ ችኩል ናት፤ የመጀመሪያው ዳመና ሲያጉረመርም ዘሯን ይዛ ትሮጣለች። ጉንዳኑ «ይህ ቀላዋጭ ዳመና ነው፣ በልቶ የሚሄድ ነው። እኔ ባለቤቱን እጠብቃለሁ» ብሎ ይቀመጣል። እውነትም ቀላዋጩ ትንሽ ጠብ ጠብ አድርጎ ይሄዳል፤ የድንቢጧ ቡቃያ ይደርቃል፤ ባለቤቱ ሲመጣ ጉንዳኑ ዘርቶ ጎተራውን ይሞላል፤ ድንቢጧ ለልመና ትመጣለች።

አባባ ከዚህ በኋላ የሚጨምራት ነገር አለች። በሚቀጥለው ዓመት ድንቢጧ እንደልማዷ ሮጠች፣ ጉንዳኑም እንደልማዱ ተቀመጠ። የዚያን ዓመት ግን ቀላዋጭ ብሎ የሰደበው ዳመና ባለቤቱ ራሱ ኖሯል። ተሰድቤማ አልመለስም ብሎ ሄደ። አሁን ደግሞ ጉንዳኑ ለልመና መጣ። ጉንዳንና ድንቢጥ እስከ ዛሬ አውድማ ላይ አንዲት ፍሬ ይዘው የሚጓተቱት የማን ተራ እንደሆነ ስላልተስማሙ ነው። ተራ የምትለዋን ሲናገር አባባ ወደ ተሰለፉት ጆንያዎች ያይና ሰው በሳቅ ይሞታል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነጭ መኪና ይዘህ መጣህ። ካሜራ የያዘች ልጅ፣ ሽቦ የሚዘረጋ ሰው፣ «ነገር በምሳሌ» የተጻፈበት ሰፊ ጨርቅ። አባባ ፂሙን ተላጭቶ የላክህለትን ኮት ለበሰ፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ ኮት። አንተ ሳታይ ከሚዛኑ አጠገብ ብቻውን ቆሞ ድምፁን ሲሞክር አይቼዋለሁ። ልጄ እኔን ፈልጎ መጣ ነበር የሚለው። የምትተነብዩትን ዝናብ ፈልጎ አልነበረም እሺ ያለህ፤ ይህንን ልብ በልልኝ።

ወጥ ቤት ገብተህ ሽንኩርት ስልጥ ከጎኔ ቆመህ ያልከኝን ረስተኸው ይሆናል። «እቴቴ፣ ገበሬው መረጃ አይገባውም። የሚገባው ተረት ነው» አልከኝ።

«ገበሬው ማነው?» አልኩህ። «ባለቀፎው ነው? ባለፈው መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣ ሬዲዮ ላይ ስለ ዝናብ የሚናገሩት ሰዎች ተራራ ላይ ወጥተው ነው የሚያዩት ወይስ መሣሪያ አላቸው ብሎኛል። መሣሪያ አላቸው ስለው መሣሪያው ተሳስቶ ያውቃል ወይ አለኝ። መረጃ የማይገባው እሱ ነው?»

«አንድ ሰው ነው። እኔ የማወራሽ ስለ ብዙኃኑ ነው።»

እኔ እዚህ ትምህርት ቤት ሳይንስ ሳስተምር ፀጉሬ ሸብቷል። ልጆቹ በቆርቆሮ ዝናብ ይለካሉ፣ ወላጆቻቸው ማታ ስንት ሆነ ብለው ይጠይቋቸዋል፣ በማግስቱ አንዱ አባት አጥር ላይ ተደግፎ «ልጄ የነገረችኝ ልክ ነው?» ይለኛል። ብዙኃኑ የምትላቸው እነዚህ ናቸው። አንተ ግን አንዱንም ቁጭ ብለህ አላነጋገርከውም፤ የመጣኸው አፋቸውን ልትሰማ ሳይሆን ጆሯቸውን ልትወስድ ነበር።

በማግስቱ ደግሞ የአባባን ተረት አቃናህለት። «አባባ፣ ይህቺ የመጨረሻዋ ትቅር። መልእክቱን ታደበዝዘዋለች።»

«ምኑን?»

«መልእክቱን።»

«እኔ ወፍጮ ነው ያለኝ ልጄ፣ መልእክት የለኝም» ብሎ ሳቀ። አንተም ሳቅህ፤ ግን ትቅር ማለትህን አልተውክም። ሰው ሁለት ነገር ከሰማ አንዱንም አያደርግም፣ አንድ ተረት አንድ ትምህርት ነው አልከው። እሺ አለህ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ሁላችንም እየሳቅን ነበር።

እኔ ግን ሳቁ ሲያልፍ ጠየቅሁህ። መኪናው አጠገብ፣ ሽቦውን እያወረዳችሁ። «በእርግጥ ታውቃላችሁ?» አልኩህ። «በደንብ ታይቷል» አልክ፤ «ዘንድሮ የመጀመሪያው ዝናብ አይቆይም። የሚጠብቅ ነው የሚጠቀመው።» «ቢቆይስ?» ስልህ ትከሻዬን ቸብ አድርገህ፣ «እቴቴ ደግሞ፣ ክፍል ውስጥ ያለሽ መሰለሽ» አልከኝ። ክፍል ውስጥ ብንሆንማ እንዲህ ብለህ የምታመልጠኝ ይመስልሃል?

የተረቱ ቀን ሞተሩ ጠፋ። ግቢው ሞልቶ ሰው አጥሩ ላይ ሁሉ ተንጠልጥሎ ነበር። አባባ በሕይወቱ እንደዚያ አውርቶ አያውቅም። ድንቢጧን ሲሆን ትከሻው ይቀልላል፣ ጉንዳኑን ሲሆን ወገቡ ይከብዳል፤ ካሜራ የያዘችው ልጅ እንኳ ማየት እስኪያቅታት ሳቀች። ጉንዳኑ ጎተራውን ሞላ፣ ድንቢጧ ለመነች፣ አበቃ። ሰው የቀረውን ጠበቀ። አልመጣም። ያን ጊዜ ባለቀፎው ግንዱ ላይ ሆኖ ዝምታውን ለመሙላት ይመስለኛል፣ «እንዲያው ግን ይህ ነገር እውነት ነው?» አለ።

ሰው ለመሳቅ አፉን ከፍቶ ነበር። አባባ «እኔ» ብሎ ጀመረ። ከዚያ ቀና ብሎ አንተን አየህ። ከካሜራው ኋላ ቆመሃል፣ በእሱ የኮራህ ትመስላለህ፣ እሱም የምትኮራበት መስሎታል። «እውነት ነው» አለ። «ልጄ ነው ያየው።»

ማንም አልሳቀም። ባለቀፎው ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፤ «እንግዲያው ካልክ» አለ በቀስታ። አንተ «በጣም ጥሩ ነበር» ብለህ አጨበጨብክ። ሠርክ ሲናገር የኖረውን ቃል ጥሎ በምትኩ አንተን እንዳስቀመጠ አልገባህም። ወይም ገብቶሃል፤ ይህን ማወቅ ባልፈልግም አስባለሁ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ቶሎ መጣ፣ ደህና አድርጎ መጣ። ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ ያየዋል፣ ወጥቶ አይዘራም። በተረቱ ቀን ገበያ የነበሩት፣ የታመሙት፣ ከአባባ ጋር ተኳርፈው የቀሩት ብቻ ዘሩ። እኛ ስናልፍ ያዘኑልን ይመስል ነበር፣ እኛም ለእነሱ አዘንን። ባለቀፎው እግሩ በጭቃ ተለውሶ ወፍጮ ቤት መጣ። «መሬቱ ጠገበ እኮ። ምን ላድርግ?» አለ። አባባ እንዴት ያለ እምነት በድምፁ እንደነበረ ብትሰማው። «ቀላዋጩ ነው። ባለቤቱን ጠብቅ» አለው። ባለቀፎው ጠበቀ። ሳምንታት አለፉ፣ ዝናቡ አልቆመም። ሰው በመጨረሻ ጨንቆት ዘሩን ይዞ ሲወጣ፣ ያን ጊዜ ቆመ። ባለቤቱ አልመጣም። መጥቶ ሄዷል።

ባለቀፎው ቀፎዎቹን ሸጠ። የመጨረሻዎቹ በጋሪ ሲሄዱ በእኛ ወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸፍነው ነበር፤ ጆንያውን ሊዋስ የመጣው እሱ ራሱ ነው፤ አባባም ንጹሕ ንጹሑን መርጦ ሰጠው። አሁንም ባለቀፎው ነው የምንለው፤ ሌላ ምን እንበለው?

አባባ «ደውዪልኝ» አለኝ። የስልኬን ድምፅ ከፍ አድርጌ ከፊቱ አስቀመጥኩለት። «ልጄ፣ ምንድነው የሆነው?» አለህ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ከቀበቶው ላይ ምን እንደተበጠሰ እንደሚጠይቅ ነው የጠየቀህ።

«አባባ፣ ትንበያው አልተሳሳተም» አልክ። «ከአሥር ሰባት ነበር ያልነው። ሦስቱ ደረሰ። ያጋጥማል።»

«ሦስት ነበረው?»

«ነበረው። ተረት ውስጥ ግን ምናልባት ማለት አይመችም። ሰው ይወዛገባል።»

አባባ ዱቄት የነካ መዳፉን ጉልበቱ ላይ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። «ለሰው ያልነገርከው ተረቱን እንዳያበላሽብህ ነው እንበል» አለህ። «ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም?»

ኔትወርክ አስቸገረኝ፣ መልሼ እደውላለሁ አልክ። እኔ እዚያው ነበርኩ ወንድሜ። ድምፅህ እንደ ጉድ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ባዶ የጠመኔ ካርቶን ውስጥ ሰባት ቀይና ሦስት ነጭ ቦሎቄ ጨምሬ ባለቀፎው ቤት ሄድኩ። የሄድኩት ላስተምረው አልነበረም፤ የተደበቀበትን ነገር እንዲያይ መብቱ ነው ብዬ ነው። ሳያይ እጁን ከትቶ እንዲያወጣ ነገርኩት። ቀይ አወጣ። መልሶ ከተተውና ደግሞ አወጣ፣ ቀይ። ሦስተኛው ነጭ ሆነ። መዳፉ ላይ አስቀምጦ አገላብጦ አየው።

«ይህቺ ናት የደረሰችብን?»

«እሷ ናት።»

«ልጅሽ ያውቅ ነበር?» ልጅሽ ነው የሚልህ፤ እኔ እንዳሳደግኩህ ያስታውሳል።

«ያውቅ ነበር።»

«እንዲህ ብሎ ቢነግረኝ እኮ ግማሹን እዘራ ነበር፤ ግማሹን አስቀምጥ ነበር» አለ። ከዚያ፣ «እኛ ተረት ስንሰማ የምንስቀው ተረት መሆኑን ስለምናውቅ ነው። ልጆች መሰልነው እንዴ?» አለኝ። ነጯን ቦሎቄ መልሶ ሰጠኝ። ቤቴ እስክደርስ እጄ ውስጥ ይዣት ነበር፤ እንባዬን የጠረግሁበት እጅ እሱ ስለነበረ ምልክቷን ፊቴ ላይ ይዤ ገባሁ።

ግማሽ። አንተና ባልደረቦችህ ስንት ጊዜ ተሰብስባችሁ ስንት ወረቀት ጽፋችሁ፣ ሰውዬው ካርቶን ውስጥ እጁን ከትቶ ሻይ ሳይፈላ የሚደርስበትን ነገር አይችለውም ብላችሁ ነው ተረት ያለበሳችሁት። ተረት መናገራችሁ አይደለም ያንገበገበኝ። ተረት ብትፈልግ የአባትህ ነው፣ ውሰድ። ሰው ሞኝ ስለሆነ ተረት ያስፈልገዋል ማለትህ ነው። ተረት ውስጥ ምናልባት አይመችም አልክ፤ ያቺ የቆረጥካት ጭራ ምን ነበረች ታዲያ?

አባባን አንዲት ሴት ብቻ ናት ፊት ለፊት ውሸታም ያለችው። ጆንያዋ ሚዛን ላይ እያለ፣ እንኳን ልትጮህ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «ዋሽተህ አስጨረስከን» አለችው። አባባ ሚዛኑን አነበበላትና ዱቄቷን አሰረላት። ሌሎቹ ምንም አላሉትም። ምን እንደሚያደርጉ ልንገርህ፤ ጆንያቸውን ያስቀምጡና ይሄዳሉ። ሲፈጭ መጥተው ይወስዳሉ። ግድግዳው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ አሁን ዶሮ ነው የሚተኛበት። ቀበቶው ሲወልቅ የሚጣላ ሰው እንኳ የለም፤ አባባ ብቻውን ይጠግነዋል።

የእኔዋ ትንሿ አንድ ቀን «አያቴ፣ ተረት ንገረኝ» ብላ ጉልበቱን ያዘችው። «ወፍጮው ይጮሃል፣ አይሰማሽም» አላት። ሞተሩ ጠፍቶ ነበር። ልጅቷ ወደ ሞተሩ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ እሺ ብላ ሄደች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የአባባ ዝምታ ነቅዟል ወንድሜ፤ ከቤት እስከ ግቢ ይሸተኛል።

ፊልማችሁን አይቼዋለሁ። ከመምህራኑ አንዱ ስልኩ ላይ ነበረውና «ይህ አባትሽ አይደለም?» ብሎ አሳየኝ። ትልቅ አዳራሽ ነው፣ አንተ መድረክ ላይ ቆመሃል፣ ከኋላህ የአባባ ፊት ግድግዳውን ሞልቶታል። «አንድ የአካባቢው አረጋዊ» አልክ። አንድ የአካባቢው አረጋዊ! አሥር ጊዜ መልሼ ሰማሁት፤ አባቴ ነው የሚል ከየት ይምጣ። ከዚያ ባለቀፎው ጠየቀ፣ አባባ «እውነት ነው» አለ፣ ፊልሙ እዚያ ላይ ተቆረጠ። «ልጄ ነው ያየው» የሚለው የለም። አዳራሹ አጨበጨበ።

እንግዲህ ሁለት ጊዜ ቆረጥከው። መጀመሪያ የተረቱን ጭራ፣ ቀጥሎ የራስህን። ዝናቡ ከተረቱ በኋላ ምን እንዳደረገ ከዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድም ሰው አልጠየቀህም፣ አንተም አልነገርካቸውም። የጥናት ወረቀት እንደሚጻፍበትና ሌላ ወረዳ እንደሚጨመርላችሁ ግን ነግረሃቸዋል።

አሁን ወደ ልመናህ ልመለስ። ደብዳቤህን ለአባባ አነበብኩለት፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፤ መቀነሱን ለአንተ ትቼልሃለሁ። የሞተሩን ዘይት እየቀየረ ነበር የሚሰማኝ። ስጨርስ፣ «የቱን መጨረሻ ነው የሚፈልገው?» አለኝ።

«አልጻፈም» አልኩት።

ዘይቱ ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ጠበቀ። «ይምጣና እሱ ራሱ ይንገራቸው። ያለ ተረት» አለ።

የእሱ መልስ ይኸው ነው፣ የእኔም ነው። ካሜራውን፣ ጨርቁን፣ ባልደረቦችህን ትተህ ና። ዶሮዎቹን ከአግዳሚው ላይ አባርርልሃለሁ፣ ሰውንም ቤት ለቤት ዞሬ እኔ እጠራልሃለሁ፤ ይህን ያህል የማኅበረሰብ አገናኝ መሆን አያቅተኝም። የጠመኔው ካርቶን መደርደሪያዬ ላይ ነው፣ አሥሩም ቦሎቄ አሉበት። ፊታቸው ቆመህ ሰባት ብለን ሦስቱ ደረሰ፣ ሦስቱን አውቄ አልነገርኳችሁም በላቸው። ይጠይቁሃል። ብዙ ይጠይቁሃል። የማታውቀውን አላውቅም በላቸው፤ አያዋርድህም። ከዚያ በኋላ ወይ ያምኑሃል ወይ አያምኑህም፤ እሱን እኔ አልተነብይልህም። የአባባን ድምፅ ግን ለሌላ መንደር አትወስደውም። እዚያም ባለቀፎ አለ፣ እዚያም ልጁን የሚያምን አባት አለ።

የማትመጣ ከሆነ ሰበብ ጽፈህ አትላክልኝ። አለመምጣትህን ራሱ አነብበዋለሁ። ደግሞ አልጠላሁህም፤ ብጠላህ ኖሮ ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ አልጽፍም ነበር። ብርድ ሲሆን ያ ሳልህ እንዴት እንደሚያደርግህ ዛሬም አስባለሁ። አንጀቴን ያቃጠለኝም እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ሳምንት ባለቀፎው ይህቺን የምታህል ጆንያ ይዞ መጣ። አስቀምጦ ይሄዳል ብዬ ነበር፤ ግንዷን በእግሩ ነካ ነካ አድርጎ ተቀመጠ። ከዚያ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። አባባ አየው፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ደጃፉ ላይ መጥቶ ቆመ።

በኋላ ባለቀፎው መሬት መሬት እያየ፣ «ልጅህ ትልቅ ሰው ሆኗል ይላሉ» አለ። «እንዲያው ግን እውነት ነው?»

አባባ ሽፋሽፍቱን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«እኔ አልነበርኩም» አለ። «የነበሩት ናቸው የነገሩኝ።»

ይኸውልህ፣ መጨረሻው ይህ ነው። አሁን አልሰማሁም አትበል።

ያዘለችህ እህትህ፣
እቴቴ